አርፎ መቀመጥ ያቃተው ሰው

ካህኑ በነገው የቀብር ቅዳሴ ላይ ስለ ሟቹ የሚናገሩትን ለመጠየቅ ሲመጡ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። ሴት ልጁ፣ «አባ፣ አባታችን በጣም ትዕግሥተኛ ሰው ነበር» አለች።

«ትዕግሥተኛ?» አለች እናትየዋ። «ማንን ነው የምትቀብሩት? የኔን ባል ከሆነ ትዕግሥት በደጁም አላለፈም!»

ሰው ሳቁን በመዳፉ አፈነ። እሷ ግን መቀለዷ አልነበረም። ከትናንት ጀምሮ ከመኝታ ቤት ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ መስኮት እየተመላለሰች ነው። ሰው ሁሉ «አረፈ፣ አረፈ» ሲላት ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስላታል። እሱ መቼ አርፎ ያውቃል?

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ አሳንሰር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ሽክርክሪት» ይሉት ነበር። ቁርሱን ቆሞ ይበላል። ስልክ ሲያወራ ቤቱን ይዞራል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቦታው በሩ አጠገብ ያለው የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ነው፤ ስብከቱ ረዘም ካለ ወጣ ብሎ የደወሉን ገመድ ፈትሾ ይመለሳል። መቁጠሪያውን እንኳ የሚደግመው ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ነው።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ስለ እመቤታችን ብለህ ቁጭ በል!» ስትለው፣

«እሷም ዘመዷ ዘንድ ስትገሰግስ ተራራ ነው የወጣችው፤ ይገባታል» ይላታል።

በእምነቱ ግን ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ የበኩር ልጁ ጎረምሳ ሆኖ አንድ እሑድ ጠዋት፣ «ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም፤ አላምንበትም» ሲል ቤቱ ተናወጠ። አባት ጮኸ፣ ልጅ መለሰ። «እንግዲያው ከቤቴ ውጣልኝ!» የሚለው ቃል ካፉ አመለጠ። ልጁም ልብሱን ሰብስቦ ወጣ፤ ከከተማው ማዶ አንዲት ክፍል ተከራየ።

ባልየው ያን ሳምንት እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ እንደወጣ የመሣሪያ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ጠፋ። ለካ ልጁ ዘንድ ሄዷል። በሩን ቢያንኳኳ ልጁ አልከፈተለትም። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይመለሳል፣ ወይ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እሱ መቀመጥ አያውቅማ! የደረጃውን መብራት ፈታቶ ጠገነ፤ የመደገፊያውን ብሎን አጠበቀ። ጎረቤት ያለች ሴት የሕንጻው ሠራተኛ መስሏት፣ «የኔንም ቧንቧ ይዩልኝ» አለችው፤ እሱንም አየላት። እጁ ጠቁሮ ሲመለስ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው።

«ከፈተልህ?»

«አልከፈተም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ሕንጻው ብዙ ሥራ አለበት» አላት።

እሑድ በመጣ ቁጥር ሄደ። አንድ ቀን ልጁ ሲሰለቸው ከፈተ።

«አባዬ፣ ልትሰብከኝ ነው የመጣኸው?»

«በርህ ሲጥ ሲጥ ይላል። ማጠፊያውን ዘይት ልቀባው ነው።»

ቀባው። ሲጨርስ ፊቱን ወደ በሩ እንዳዞረ፣ «ያን ቀን አፌ ነው እንጂ ልቤ አልተናገረም» አለው።

ከዚያ ወዲያ፣ ልጁ አግብቶ ከወለደም በኋላ፣ እሑድ የአባት ቀን ሆኖ ቀረ። አባትየው ስለ ቤተ ክርስቲያን ትንፍሽ አላለም። የልጅ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ግቢውን ሲዞር ይውላል። ምራትየዋ አንድ ጊዜ ለእናትየዋ በጆሮዋ፣ «እማማ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብሎን የሚያላላው ልጅዎ ነው፤ አባቱ ሥራ እንዳያጣ ብሎ» አለቻት። እሷም በሆዷ ያዘችው።

ከዚያ የሳንባ ሕመም መጣና አባትየውን አልጋ ላይ ጣለው። እግሮቹ ከብርድ ልብሱ ሥር አያርፉም። ድምፁ ጠፋ፤ ጣቶቹም መቁጠሪያውን መያዝ አቃታቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ መድኃኒት ገዝታ ስትመለስ ከመኝታ ቤቱ ድምፅ ሰማች።

«ጸጋ የሞላብሽ ማርያም ሆይ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን…»

ልጇ ነው። የአባቱን መቁጠሪያ ይዞ ከግድግዳ ግድግዳ እየተራመደ ይደግማል፤ በሽተኛው በዓይኑ ይከተለዋል። እናቱን ሲያይ ደነገጠ።

«አመንኩ ማለት አይደለም፣ እማዬ።»

«ምን ጠየቅሁህ?» አለችው።

ይህን ሁሉ ለካህኑ ነገረቻቸው። ካህኑ ወደ ልጁ ዞረው፣ «ልናገረው ትፈቅዳለህ?» አሉት። ልጁም፣ «ይናገሩት» አለ።

በማግስቱ ተናገሩት። እሷ ግን አንዱንም በቅጡ አልሰማችም፤ ልጇ ከመሃል ተነስቶ ሲወጣ አይታ፣ እስከ ቅዳሴው ፍጻሜ ዓይኗ ከበሩ አልተነቀለም። ስትወጣ ፊቱን ታጥቦ ቆሞ አገኘችው። ክንዷን ያዘና ከሬሳው ኋላ አብረው ሄዱ።

«እሑድ መጥቼ ቤተ ክርስቲያን አደርስሻለሁ» አላት።

«ትገባለህ?»

«እንጃ፣ እማዬ። ብቻ እመጣለሁ።»