በማርሹ ላይ የነበረው እጅ

ባለፈው ሳምንት ወደ ሶዶ ስመለስ፣ ከተማው መግቢያ ያለው ዳገት ላይ ከፊቴ የነበረ ሚኒባስ ፍሪሲዮኑን እያቃጠለ ወጣ፤ ያ የሚሰነፍጥ ሽታ በመስኮት ሲገባ የእኔ መኪና ምንም ሳይጨነቅ፣ ማርሹን ራሱ እየቀያየረ ይወጣ ነበር፣ እኔ ግን በሐሳቤ ልጅ ሆኜ በአባባ ፒካፕ ውስጥ ነበርኩ፣ በመስኮት በኩል፣ እንደ ልማዴ ቀንቼ።

አባባ የነጋዴ ዕቃ ከሶዶ ወደ አረካ የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። ትምህርት በሌለ ቀን ታላቅ እህቴን አስቴርንና እኔን ጋቢና ያስቀምጠናል፤ እኔን መኪና ስለሚያስመልሰኝ መስኮቱ ጋ፣ እሷን መሃል፣ ማርሹ ጉልበቷ አጠገብ። የሰፈር ልጆች ዕድለኛ የሚሉት መስኮት ያገኘሁትን እኔን ነበር። ምን ያውቃሉ። አባባ ማርሽ ሲቀይር የአስቴርን እጅ ማርሹ ራስ ላይ ያስቀምጥና የራሱን ሰፊ፣ ግራሶ የማይለቀው እጅ ይደርብበታል፤ አብረው ይገፉታል፣ አብረው ይስቡታል፣ እኔ ደግሞ መንገድ ዳር ያለውን የዱቦን ባሕር ዛፍ እያየሁ እቃጠላለሁ።

ቤታችን የምናወራው በወላይትኛ ቢሆንም ስለ መኪና ሲሆን አባባ ወደ አማርኛ ይዞራል። «ሞተር ችኩል ነው፣ ጎማ ደግሞ ከባድ ነው። ካምቢዮ፣ ይሄ የማርሹ ሳጥን፣ መሃል ገብቶ ያስማማል። ዳገት ሲሆን ሩጫውን ይቀንስና ጉልበት ይሰጣል፣ ሜዳ ሲሆን ጉልበቱን ይቀንስና ሩጫ ይሰጣል። ፍሪሲዮን ከረገጥሽ ሁለቱን አለያየሽ ማለት ነው፤ ቀስ ብለሽ ካልመለስሽ ይጣላሉ።» ይህን ሁሉ የሚላት እሷን ነው። እኔ ከትከሻዋ ወዲያ ሆኜ የሰማሁትን አንድ ቃል ሳልጥል ይዣለሁ።

አንድ ጊዜ አስቴር ወባ ይዟት ቀረችና መሃል ተቀመጥኩ። አባባ እጄን አንስቶ ማርሹ ላይ አደረገው፤ የእሱ እጅ ገና ከላይ ሊደረብ ሲል ሆዴ ከዳኝና ቁርሴን በሙሉ ማርሹ ላይ ደፋሁት። አልተቆጣም፤ ዳር ይዞ ቆሞ፣ ፊቴን አጥቦ፣ እየሳቀ ወደ መስኮቱ መለሰኝ። ከቁጣ ይልቅ ያ ሳቁ አበገነኝ። ከዚያ ወዲህ መሃል ተቀምጬ አላውቅም፤ ፒካፑም ተሸጠ፣ አባባም አረፈ።

ባለፈው ሳምንት፣ የሚኒባሱ ፍሪሲዮን ሽታ ከአፍንጫዬ ሳይጠፋ አስቴር ቤት ገባሁ። መምህርት ናት፣ መኪና ነድታ አታውቅም። ሻይ ቀድታልኝ እንደተቀመጠች ስንት ዘመን አፌ ላይ ደርሶ የሚመለሰውን ጠየቅኳት፤ የአባባ እጅ እጅሽ ላይ ሲያርፍ ይከብድ ነበር? ይሞቅ ነበር?

አስቴር ስኳሯን እያማሰለች አሰበች። «ማርሹ ላይ? እኔ እንጃ፣ እጄን ያስይዘኝ ነበር እንዴ? እኔን እኮ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ነበር የሚያስቸግረኝ።»

ብላ ሳቀች፤ እኔ መሳቅ አቃተኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የቀናሁበት ነገር ራሷ አስቴር ዘንድ እንኳ የለም፤ የአባባ እጅ ክብደት ከእንግዲህ የትም፣ ማንም ዘንድ አይገኝም። እንዲያም ሆኖ ቅናቴ አልለቀቀኝም። ለእኔ ቢሰጠኝ ኖሮ አልረሳውም ነበር።