ጎታ ውስጥ የተቀመጠች ሲም ካርድ

ቢተው ስልክ ሊገዛ የመጣን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ብር እንደያዘ አይደለም። «ስታወራ የት ቆመህ ነው?» ይለዋል። ሰውየው ግራ ሲገባው ካርቶን ቀዶ ቤቱን፣ ከበስተጀርባው ያለውን ገደል፣ ማዶ ያለውን የኔትወርክ ማማ ያስስለዋል። ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ዳር ያለችው ሱቁ ግድግዳዋ በእንዲህ ያለ ካርቶን የተሞላ ነው። የላስታን ሸንተረር እንደ እሱ የሚያውቅ ሰው አላየሁም።

ዱሮ አስጎብኚ ነበር። የውጭ አገር እንግዳ መምጣት ሲያቆም፣ በትርፍ ጊዜው ይነካካው የነበረውን ስልክ መተዳደሪያው አደረገው። ለገበሬ ሰፊ መስታወት ያለው ስልክ አይሸጥም፤ «ይቺ ባለቁልፍ አምስት ቀን ትቆይልሃለች፣ ያቺ ግን ቤትህ ሳትደርስ ትጠፋብሃለች» ይላል። ለባለሆቴሏ ደግሞ «የቤት ኢንተርኔት ስትመርጪ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ፍጥነት ተይው፤ ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት ሰዓት እንዴት እንደሚሆን ጎረቤትሽን ጠይቂ፤ መብራት ሲሄድ የሚያቆየው ባትሪ እንዳለውም እዪ» ይላታል። ደግሞ ማንም ሳይሞክር እንዲገዛ አይወድም። የሚያውሳቸው ሲም ካርዶች አሉት፤ ሰው ቤቱ ወስዶ ሳምንት ሞክሮ ይመልሳል። ጎረቤቱ ጨው ነጋዴው አብዱልሀሚድ፣ «ወላሂ ቢተው፣ አንተ ሚስትም ቢሆን ሳምንት ሳትሞክር አታገባም» እያለ ይቀልድበታል።

«ለዚያ እኮ ነው ሳላገባ የቀረሁት» ይላል ቢተው።

ወይዘሮ ደመቀች የመጡት ካቻምና ኅዳር፣ በአንድ ቅዳሜ ነው። ቤታቸው ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በላይ ካለው ሸንተረር ላይ ነው። አንድ ልጃቸው ምስጋኑ አረብ አገር ሊገባ በዓፋር አድርጎ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከባሕሩ ዳር በደላላ ስልክ «ነገ በጀልባ እንሻገራለን፤ ስደርስ እደውላለሁ» ካላቸው አሥር ቀን አልፎ ነበር።

«ልጄ፣ ስልኬ ከአውድማው ጥግ ካልቆምሁ አይሰማም» አሉት ቢተውን። «አሥሩን ቀን እዚያው ነው ቆሜ የዋልሁ። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ቢደውልስ?»

አብዱልሀሚድ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ለመሆኑ ባሕር ላይ ኔትወርክ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ቢተው ስለ ዕቃ ከተጠየቀ ዝም ማለት አይችልም። ደህና ጀልባ መገናኛ ሬዲዮና ያለበትን ቦታ የሚናገር መሣሪያ እንደሚይዝ ዘረዘረ፤ ከስደት የተመለሱት ልጆች እንደነገሩት ግን የደላሎቹ ጀልባ ከሞተር በቀር ምንም የላትም አለ። ይህን ብሎ ቀና ሲል የወይዘሮ ደመቀችን ፊት አየና ካርቶኑን መቅደድ ጀመረ።

እሳቸው እየነገሩት ቤታቸውን ካርቶኑ ላይ ሣለ። ከማዶ ተራራ ማማ የተከለ ሌላ የስልክ ድርጅት ነበርና የዚያን ሲም አዋሳቸው። በሳምንቱ ፊታቸው በርቶ መጡ፤ ምድጃው አጠገብ ሆነው እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቁጥሩን በስማቸው አወጡ። ስልካቸው ሁለት ሲም ይቀበላል፤ ነገር ግን አሮጌው መስመር ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪውን በሁለት ቀን ይጨርሰዋል፤ ቻርጅ የሚያደርጉት ደግሞ ገበያ ሲወጡ ብቻ ነው። ቢተው አሰበበት። ምስጋኑ የደወለበት የደላላው ስልክ ላይ ደውሎ አዲሱን ቁጥር አስመዘገበ። «እነግረዋለሁ» አለ ሰውየው። ከዚያ ቢተው አሮጌዋን ሲም አውጥቶ፣ «ይህችን ደግሞ በደንብ ያስቀምጧት» ብሎ ሰጣቸው።

ወይዘሮ ደመቀችም በደንብ አስቀመጧት። በጨርቅ ጠቅልለው፣ በክር አስረው፣ ለዘር የሚሆነው ገብስ ካለበት ጎታ ውስጥ ከተቷት። እሳቸው ቤት እንዲጠፋ የማይፈለግ ነገር የሚቀመጠው እዚያ ነው። ብዙ ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አያውቁም፤ የሚያውቀው ቢተው ደግሞ አልነገራቸውም።

ምስጋኑ ግን ሳይደውል ሁለት ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ሰኔ ላይ ያቺን ጥቅልል ይዘው መጡ። «እስቲ ይህችን ክተትልኝ፤ ምናልባት በዚህች እየደወለ ይሆናል።»

እኔም እንደ ልማዴ ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሲሟ ስልኩ ውስጥ ስትገባ ምንም አላሳየችም። ቢተው አውጥቶ እንደገና ከተታት። በራሱ ስልክ ወደ አሮጌው ቁጥር ሲደውል ጠራ። ሐዋሳ ያለች አንዲት ሴት አነሳች። ቁጥሩን ካወጣችው ስምንት ወሯ እንደሆነ ነገረችው።

«እህቴ፣ ከውጭ አገር የደወለ ልጅ ነበር?»

«ለትንሣኤ ሰሞን አንዱ ደጋግሞ ደውሎ እማ፣ እማ ይለኛል። ታስሬ ነበር፣ አሁን ነው የተፈታሁት፣ በቃሌ የያዝኩት ይህን ቁጥር ብቻ ነው ይላል። ተሳስተሃል አልኩት። በመጨረሻ የዚህ ስልክ ባለቤት ሞታ ነው ወይ አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«እኔ ምን አውቄ ወንድሜ፤ አላውቅም አልኩት። አለቀሰና ዘጋው።»

የደወለበትን ቁጥር እንድትሰጠው ለመናት። ያ ስልኳ ውኃ ገብቶበት ሌላ ገዝታለች፤ ቁጥሩ የላትም።

ወይዘሮ ደመቀች የሰሙት የቢተውን ድምፅ ብቻ ነው። «ደውሎ ነበር?» አሉት።

«ደውሎ ነበር። በሕይወት አለ።»

ጎንበስ ብለው መሬቱን ሳሙ። ቀና ሲሉ፣ «ታዲያ ምን አለ?» አሉ። ቢተው መዋሸት ይችል ነበር፤ አልዋሸም፤ ሁሉንም ነገራቸው። ወይዘሮ ደመቀች የነጠላቸውን ጥለት አሹ።

«እንግዲያ እኔ ሞቻለሁ» አሉ። «ተዝካሬን እዚያ አረብ አገር በምን ያወጣው ይሆን?»

በሩ ላይ ቆሞ የሰማው አብዱልሀሚድ ወደ ጨው ማዳበሪያው ተመለሰ። ቢተው የደላላውን ስልክ ደጋግሞ ቢሞክረውም ተዘግቷል። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማማ» አላቸው። እሳቸውም አይደለም አላሉትም። ሲሟን ተቀብለው እንደገና ጠቀለሏት።

አሁን ቢተው አዲስ መስመር ለሚገዛ ሰው ካርቶኑን ከመቅደዱ በፊት ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «የድሮውን ቁጥር በቃሉ የያዘ ማን አለህ?» «አለኝ» ካለው አሮጌው በየወሩ ሳይደወልበት እንዳይቀር ያስምለዋል። ሰው ምክንያቱን አይረዳለትም። ቢተው ቀልዱንም ትቷል። አንዳንድ ቀን ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው እሱ ግድግዳው ላይ ያለውን አንድ ካርቶን ሲያይ አገኘዋለሁ፤ አውድማው፣ ምድጃው፣ ማዶ ያለው ማማ።

ወይዘሮ ደመቀች ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ስልካቸው ቻርጅ ሲደረግ ሐዋሳ ላለችው ሴት ይደወላል። ባለፈው ቅዳሜ ሴትዮዋ አንስታ፣ ቢተው ገና አፉን ሳይከፍት «አልደወለም፣ ወንድሜ» አለችው። ወይዘሮ ደመቀች ከፊቱ ላይ አነበቡት፤ ሳይጠይቁ ተነሡ። ቢተው ስልካቸውን ከገመዱ ነቅሎ ሰጣቸው። ባትሪው ሙሉ ነው፣ ኔትወርኩም ሙሉ ነው። መቀነታቸው ውስጥ አስገብተው አቀበቱን ያዙት።