የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ነጠብጣቦች

መካነ ሰላም ተመድቤ በሠራሁበት የመጀመሪያው ክረምት ፖሊስ የአንዲት ወጣት ሴት አስከሬን አመጣ። ከዐረብ አገር ተመልሳ ያገባች ነበረች። ጠዋት ከባሏ ጎን አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኘች። ወንድሞቿ «አንቆ ገደላት» ብለው ባልየው ላይ ሲነሱ ፖሊስ ከእጃቸው ነጥቆ አስሮታል። አስከሬኑን ወደ ደሴ እንዳይልኩት መንገዱ በጭቃ ተቆርጧል። እኔ ደግሞ ጠቅላላ ሐኪም እንጂ የአስከሬን ምርመራ ስፔሻሊስት አይደለሁም።

ደረቷን ስከፍት ሳንባዋና ልቧ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ቀያይ ነጠብጣቦች አየሁ። ተማሪ ሳለሁ «ትንፋሽ ሲታፈን የሚወጡ ትንንሽ የደም መፍሰሶች» ብለን የሸመደድናቸው ናቸው።

አጠገቤ የቆመው መርማሪ ፖሊስ አንገቱን አስግጎ፣ «ታንቃለች ማለት ነው?» አለኝ።

ወንድሞቿ ደጅ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። አዎ ካልኩ ባልየው አለቀለት። አይደለም ካልኩ ደግሞ ገዳይ ላስፈታ እችላለሁ፤ እነሱም እኔን የሚምሩኝ አልመሰለኝም።

«ቆይ» አልኩት። የአንገቷን ጡንቻዎች አንድ በአንድ ገለጥኩ። የፈሰሰ ደም የለም፤ አጥንቱም አልተሰበረም። የዐይኗ ቆብ ውስጡ ንጹሕ ነው፤ ነጠብጣብ የለበትም። ምላሷ ግን ጎኑ ተነክሷል። እነዚያ ነጠብጣቦች በሚጥል በሽታም፣ በልብ ድካምም እንደሚመጡ ያኔ ትዝ አለኝ።

ወጥቼ ደጅ ላይ ከእናቷ ጋር የቆሙትን አባቷን፣ ቁርኣን የሚያቀሩትን ሼህ፣ «አባቴ፣ ልጅዎ የሚጥል በሽታ ነበረባት?» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ አናውቅም።»

እናቷ ግን መሬት ላይ ዘጭ አሉ። «እዚያው ዐረብ አገር ነው የጀመራት። ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። ባሌ ከሰማ ይፈታኛል ብላ አስማለችኝ።»

ታላቅ ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ሼሁ ወደ እኔ ዞረው፣ «አብሽሪ ልጄ፣ አትፍሪ፤ ያየሽውን ጻፊ» አሉኝ።

ጻፍኩ፦ ነጠብጣቦቹ ብቻቸውን መታነቅን አያረጋግጡም፤ የሞቷ ምክንያት የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል።

ባልየው ተፈታ። ከሳምንታት በኋላ ሊያመሰግነኝ መጣ። «ዶክተር፣ አላህ ይስጥልኝ፤ ነፍሴን አተረፉልኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ጨበጥኩት። በትራስ የታፈነ ሰው አንገቱ ላይ ምንም ምልክት ላይኖረው እንደሚችል ግን አውቃለሁ። ከክፍሉ እስኪወጣ ድረስ ቀና ብዬ ዐይኑን ማየት አልቻልኩም።