የጌሼ ጀርባ

ጌሼ ኤምደን ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ተቀምጣ ሐኪሞች ለጻፉት ለእያንዳንዱ በሽታ የመዝገብ ቁጥር መስጠት ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። ሕጓ አንድ ነው፤ ሐኪም ካልጻፈው በሽታው የለም። «አከርካሪ ተጣሟል» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሐኪም አበሳውን ያያል። «በየት በኩል? ስንተኛው አጥንት?» እያለች ፋይሉን ትመልስበታለች። መልስ ካጣች ፊቷን አጨማድዳ «ያልተለየ» የሚለውን ቁጥር ትሰጠዋለች።

እንዲህ በወረቀት ላይ እንዳቀረቀረች በመጨረሻ ወገቧ አልላወስ አላትና እዚያው ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኛች። ሥራ ስትመለስ የራሷ ፋይል ጠረጴዛዋ ላይ ጠበቃት። ዶክተር ሃርምስ የጻፈው «አከርካሪ ተጣሟል» ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለዕረፍት ሄዷል። ፋይሉ ዛሬውኑ መዘጋት አለበት።

ባልደረባዋ ቪብከ ሳቀች። «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ወደ ግራ ነው የዘመምሽው! ከበሩ ሆኜ ይታየኛል እኮ!»

«ሐኪም ነሽ?»

«እሺ፣ ራስሽ ዳብሺዋ!»

ጌሼ እጇን ወደ ኋላ ልካ ዳበሰች። ጉብታው በግራ በኩል ቡጢ አክሎ ቁጭ ብሏል።

«አልተጻፈም» አለች። «ያልተለየ» ብላ ፋይሉን ዘጋችና ካፖርቷን ደርባ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እያያት፣ ወደ ግራ እንደ ዘመመች ቤቷ ገባች።