የእድራችን አዲሱ ድንኳን

አባቴ ጉልበቱን ያመው ስለነበር ቤተክርስቲያን የሚሄደው በአቋራጯ መንገድ ነበር። ከጓሯችን ተነስታ በባህር ዛፉ መሃል የምታልፍ፣ ከዘራ የያዘ ሰው ቀስ ብሎ የሚጨርሳት መንገድ ናት። ከአምቦ ወደ እጃጂ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለችው ትንሽ ከተማችን አስከሬን የሚሸኘውም በእሷ ነበር። የሁላችንም ነበረች።

አንድ እህል ነጋዴ ግራና ቀኙን መሬት ያዘና መንገዷንም ጨምሮ በቆርቆሮ አጠረው። አባቴ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተ። "ጉዳዩ እየታየ ነው" ይሉታል። ምኑ እንደሚታይ እግዜር ይወቅ፤ አጥሩ እንደሆነ ከአስፋልቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በዚያው ዓመት ነጋዴው ለምክር ቤት ተወዳደረ። ከምርጫው በፊት ለእድራችን ትልቅ ድንኳንና የብረት ወንበሮች አበረከተ። ሰው ፈነደቀ፤ አይፈረድበትም፣ አሮጌው ድንኳን ዝናብ ያስገባ ነበር። ግን በየወሩ አዋጥተን የገዛነው የራሳችን ነበር። ምን እንዳደረጉት ልንገራችሁ? ቀዳደው ለእህል መሸፈኛ ተከፋፈሉት። ለእኛ የደረሰንን ቁራጭ እናቴ አጥባና አጣጥፋ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው።

ሰውየው ተመረጠ። የመጀመሪያውን የመራጮች ስብሰባ የጠራውም በዚያው ድንኳን ስር ነው። "አካም ጅርቱ" ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመረና ወደ አማርኛ ዞሮ ስለ መብራቱም ስለ ውሃውም አወራ። አባቴ እጁን አወጣ። ጎረቤታችን ባለሱቁ ኮቱን ጎተት አደረገው።

"ተው አንተ ሰው፣ ነገ ስንሞት የሚተከልልን የእሱ ድንኳን ነው" አለው በሹክሹክታ።

አባቴ ግን ተነስቶ መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ጠየቀ። ተመራጩ ፈገግ አለ።

"አባባ፣ ወንበሩ ተመችቶዎታል?"

ሰው ሳቀ። አባቴ ግን አልተቀመጠም። ስብሰባው እስኪያልቅ በዚያ በታመመ ጉልበቱ ቆመ። ከዚያ ወዲያ በስብሰባ ላይ ስለ መንገዱ ትንፍሽ ያለ የለም። በጉቦ ገዛን እንዳልል፣ ለማናችንም በእጃችን የሰጠን ነገር የለም። ሰውየው የገዛው ሀዘናችንን ነው።

አባቴ በክረምት ሞተ። በመጨረሻዎቹ ወራት በአስፋልቱ መዞር አቅቶት ቅዳሴውን አልጋው ላይ ሆኖ በድምፅ ማጉያው ነበር የሚሰማው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ለቀብሩ ስንነሳ ተመራጩ የአጥሩን በር አስከፍቶ ጠበቀን። "ለእሳቸው ክብር ብዬ ነው" አለ። የተሸከሙት ሰዎች ወደ በሩ ሲያዘነብሉ እናቴ ፊታቸው ቆመች።

"እሱ የጠየቀው ለአንድ ቀን አልነበረም። በአስፋልቱ ውሰዱልኝ" አለች። በዝናብ ዞርን።

ስንመለስ ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተክሏል። ሌላ ከየት ይመጣል? ሰው ሁሉ ገብቶ ወንበሮቹ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ያቺን የአሮጌ ድንኳን ቁራጭ አወረደችና በረንዳው ላይ አንጥፋ ተቀመጠችባት። ተመራጩ መጥቶ ጎንበስ አለላት።

"እግዚአብሔር ያጥናዎት፣ እማማ። የጎደለ ነገር ካለ ይንገሩኝ።"

"መንገዱ" አለችው።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። ያኔ ያ የአባቴን ኮት የጎተተው ባለሱቅ ከወንበሩ ተነሳ። እንደ አባቴ ሳይቀመጥ ዋለ። ሌላ የተነሳ አልነበረም። ተመራጩም መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ፤ በሩንም በማግስቱ መልሶ ዘጋው።

ለሙት ዓመቱ ድንኳኑን ከእድሩ አልጠየቅንም። ዝናቡ ቢመጣ ምን ሊውጠን ነው ብዬ ስጨነቅ፣ ባለሱቁ ከጆንያዎቹ ላይ የራሱን ቁራጭ ገፎ ይዞ መጣ። እናቴ ተቀብላ ከእኛው ቁራጭ ጋር ሰፋችው። ከስሩ የሚያስጠልለው ጥቂት ሰው ነው።