ወንዝ ጨው የለውም፤ ባሕሩስ ከየት አመጣ?

ሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው መንጌ ውስጥ ጎልማሶችን ሳስተምር፣ የሙከራ ጊዜዬ ሊያበቃ ሳምንት ሲቀረው ሱፐርቫይዘሩ ሳይነግረኝ መጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስለ ወንዞች እያስረዳሁ ነበር። ወርቅ አጣቢዋ ዘይነብ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል አልክ። ወንዝ ጨው የለውም። ባሕር ጨው ከየት አመጣ?»

መልሱን አላውቀውም። ሱፐርቫይዘሩ እስክሪብቶውን አነሳ። ትንሽ ፋታ ላገኝ ብዬ «እስቲ ከእናንተ የሚያውቅ አለ?» አልኩ።

ስማቸውን እንኳ ገና መጻፍ ያልቻሉት እማማ ሐዋ ተነሱ። አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

«ወንዝም ጨው አለው» አሉ። «ከድንጋይ፣ ከአፈር ትንሽ ትንሽ ያጥባል፣ ምላስ አያውቀውም። ወደ ባሕር ይወስደዋል። እዚያ ፀሐይ ውሃ ብቻ ይወስዳል፣ ጨው ይቀራል። ብዙ፣ ብዙ ዘመን እንዲህ ነው።»

ሱፐርቫይዘሩ ገርሞት «ይህን መምህሩ ነው ያስተማረዎት?» አላቸው።

«ላ፣ አይደለም! እኔ ፖርት ሱዳን ጨው ማምረቻ ሰርቻለሁ። መምህር አያውቅም።»

ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ።

«አያውቅም፣ ግን አይዋሽም» ሲሉ ጨመሩ።

ሱፐርቫይዘሩ ይህንኑ ቃል በቃል የግምገማ ቅጹ ላይ ጻፈና አሳለፈኝ።