የነካሳን አቀበት የሚበላው ማን ነው?

መካ፣ ነካሳ ሰፈር ውስጥ ሸረፈዲን የሚኖርበት አቀበት ከነዋሪው ሌላ ጠያቂ የለውም። ሲሚንቶውን የሚገዛውም የሚያፈሰውም ነዋሪው ነው። ደንቡ የቆየ ነው፦ ቤንዚን የቀዳ ሾፌር ሁሉ ሲመለስ ከአቀበቱ ሥር ሱቅ ላላት ለዘቢባ ለሲሚንቶ መግዣ አንድ ሪያል ይሰጣል። ብዙ የነዳ ብዙ ይቀዳል፣ ብዙ የቀዳ ብዙ ይከፍላል። ማንም ተጣልቶበት አያውቅም።

ሸረፈዲን የወሎ ልጅ ነው፤ ወሬ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ከጀርወል ሰፈር ሆቴሎች የቆሸሸ አንሶላ እየጫነ አቀበቱ አናት ላይ ወዳለው ላውንደሪ ያመላልሳል። ሚስቱ ጀሚላም ጉልበቷን ስለሚያማት ዳገቱን የምትወጣው በእሱ መኪና ነው። አሮጌዋ መኪና ስትሞትበት ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ከዚያ ወዲያ ደስታው ለጉድ ነበር።

«ዘቢባ፣ ወላሂ ማደያው በየት በኩል እንደነበር ጠፍቶኛል!» ይላል ሲያልፍ።

ሪያሉም አብሮ ጠፋ። ቤንዚን ካልቀዳ ምን ብሎ ይከፍላል? ደንብ ደንብ ነው!

መኪናዋ ታዲያ ድምፅ የላትም እንጂ ክብደትስ አላት። ባትሪዋና አንሶላው ተደራርበው ሲሚንቶውን ፈረካከሱት። ለጁምዓ ብቻ በሚያስነሷት፣ ቤንዚን እንደ ውሃ በምትጠጣ ፒክአፕ ምክንያት ሪያሉን እየከፈሉ መንገዱን የሚያሠሩት ሽማግሌው ጋሽ ዓብዱላህ ሆኑ። እሳቸው ደግሞ «ዝም አይነቅዝም» ባይ ናቸው፤ አልተናገሩም።

ዘቢባ ግን ተናገረች፤ ያውም ለጀሚላ። አንድ ቀን ከዐሱር ሶላት በኋላ ሸረፈዲን ከአቀበቱ ሥር ደርሶ በሩን ሲከፍትላት ጀሚላ ንቅንቅ አላለችም።

«ግቢ እንጂ!»

«ጋሽ ዓብዱላህ በከፈሉበት መንገድ ተንፈላስሼ አልወጣም።»

«ሐቢብቲ፣ ደንቡ እኮ የቤንዚን ነው!»

«መንገዱን የሚበላው ቤንዚኑ ነው ጎማው?»

ብላው ዳገቱን ተያያዘችው። እሱም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጎን ለጎን እየተሳበ ይለምናታል። መኪናዋ ጭስ እንደሌላት ነገራት። ለባትሪዋ የሚከፍለውን የመብራት ሂሳብ አነሳ። ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ያያል።

«በቃ፣ ሁሉም እኩል ይክፈል!» አለ ሸረፈዲን።

«እሳቸው በሳምንት አንዴ ወጥተው፣ አንተ ቀኑን ሙሉ ስትመላለስ ውለህ? ሐራም ነው!»

ግድግዳ ይዛ ቆመች፤ ተነፈሰችና እንደገና ቀጠለች። ሸረፈዲን ፍሬን ያዘ።

«እሺ፣ ኸላስ! በወጣሁ ቁጥር እከፍላለሁ። ያለፈውንም ጭምር። ግቢ በአላህ!»

«የት ልግባ? ደርሻለሁ እኮ።»

እውነትም በራቸው ላይ ነበሩ። ጀሚላ ደፉ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋች። ጉልበቷ እንደ ድፎ አብጧል። ሸረፈዲን ዘይት አምጥቶ እግሯ ሥር በርከክ አለና ያሽላት ጀመር። እስከ መግሪብ ሶላት እያሸ ያለፈውን ምልልስ አንድ በአንድ ቆጠረላት።